‘በቃኝ’ ማለትን መልሶ መማር፦ ሰውነትን አድምጦ መመገብ ምንድን ነው?

በጆሃንስበርግ መሀል ከተማ፣ ኢትዮጵያውያን ‘ጄፔ’ ብለው በሚጠሩት የንግድ ሰፈር፣ ሥራ የሚጀመረው ማልዶ ነው። ከዚምባብዌ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከማላዊና ከሌሎች የአካባቢው አገራት የሚመጡ ገዢዎች ሸቀጣቸውን ሸምተው በጊዜ ለመመለስ ይቸኩላሉና ነጋዴው ለቁርስ ሱቁን ጥሎ አይወጣም። ገበያው ከደራ የምሳ ሰዓትም ሳይታወቅ ያልፋል። አመሻሽ ላይ የሱቁ መዝጊያ ሲወርድ ግን ቀኑን ሙሉ የተረሳው ረሃብ በአንድ ጊዜ ይነሣል።

በዚህ ሰዓት የቀረበ ማዕድ በጥድፊያ ይበላል። ሆድ መሙላቱ የሚታወቀው ከሞላ በኋላ ነው። ከዚያ የልብ ቃርና የተረበሸ እንቅልፍ ይከተላሉ፤ “ከነገ ጀምሮ እንዲህ አልበላም” የሚል ውሳኔም ይወሰናል። የነገው ውሎ ግን ከዛሬው አይለይም።

በዚያው ከተማ፣ ሳንድተንን በመሳሰሉት ባለጸጋ ሰፈሮች ደግሞ ምግቡን በግራም የሚመዝን፣ እንጀራና ዳቦ ‘ያቆመ’፣ ጠዋት ጠዋት ከሚዛን ላይ ወጥቶ በሚያየው ቁጥር ስሜቱ የሚለዋወጥ ሰው አለ። የሁለቱ ኑሮ አይመሳሰልም። ሆኖም መቼና ምን ያህል እንደሚበሉ የሚወስንላቸው የገዛ ሰውነታቸው አይደለም። ለአንዱ ገበያው፣ ለሌላው ሚዛኑ ይወስንለታል።

በሰውና በሰውነቱ መካከል የተቋረጠውን ይህን ግንኙነት መመለስ የሚሻ የአመጋገብ አካሄድ አለ። በእንግሊዝኛ ‘ኢንቱዪቲቭ ኢቲንግ’ ይባላል፤ በአማርኛ ‘ሰውነትን አድምጦ መመገብ’ ልንለው እንችላለን። ምን ማለት ነው? ከየት መጣ? እንደ ጄፔ ባለ ሰፈር ለሚኖር ሰውስ ይሠራል?

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ሐሳቡን በዚህ ስም ያስተዋወቁት ኤቭሊን ትሪቦሊ እና ኤሊስ ሬሽ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ናቸው። መጽሐፋቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በአውሮፓውያኑ 1995 ነበር። ወደ እነርሱ የሚመጡ ሰዎች የታዘዘላቸውን የአመጋገብ ዕቅድ ተከትለው ክብደት ይቀንሱ ነበር። ብዙዎቹ ግን ቆይቶ ክብደታቸው ሲመለስ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ያሳብቡ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ይህን ደጋግመው ካዩ በኋላ ስሕተቱ በሰዎቹ ሳይሆን በዘዴው ላይ ሊሆን ይችላል ብለው ጠየቁ።

አካሄዱ አሥር መርሆች ያሉት ሲሆን በሦስት ጎራ ከፍሎ መረዳት ይቻላል።

የመጀመሪያው ከእገዳ መውጣት ነው። ምግብን ‘ጥሩ’ እና ‘መጥፎ’፣ ‘ንጹሕ’ እና ‘ኃጢአት’ እያሉ መፈረጅን መተው፣ በአጭር ጊዜ ሰውነትን እንለውጣለን ከሚሉ የክብደት መቀነሻ ዕቅዶች መራቅ፣ በበሉ ቁጥር ራስን የሚወቅሰውን የውስጥ ድምፅ መቃወም በዚህ ሥር ይወድቃሉ።

ሁለተኛው ማድመጥ ነው። ሲርብ ሳይዘገዩ መብላት፣ ሲጠግቡ ማቆም፣ የሚበሉትን ማጣጣም፣ ከረሃብ ያልመጣ የመብላት ፍላጎት ሲኖር ከበስተጀርባው ምን እንዳለ መጠየቅ ማለት ነው።

ሦስተኛው መንከባከብ ነው። ሰውነትን እንዳለ ማክበር፣ ለቅጣት ሳይሆን ለደኅንነት ሲሉ መንቀሳቀስ፣ በመጨረሻም ጤናን የሚጠቅመውን ምግብ ያለጭንቀት መምረጥ ነው። የምግብ ይዘት ጉዳይ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ስለማይጠቅም አይደለም። ከምግብ ጋር የተጣላ ሰው ምክሩን እንደ አዲስ እገዳ እንዳይቀበለው ነው።

ብዙዎች የሚስቱት ነጥብ እዚህ ላይ አለ። ይህ አካሄድ “ያገኙትን ሁሉ ይብሉ” ማለት አይደለም፤ ክብደት መቀነሻ ዘዴም አይደለም። በዚህ መንገድ የሚመገብ ሰው ክብደቱ ሊቀንስ፣ ሊጨምር ወይም ባለበት ሊቆይ ይችላል።

ሰውነት ረሃብንና ጥጋብን እንዴት ያውቃል?

‘ሰውነትን ማድመጥ’ ሲባል ረቂቅ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሰውነት በእርግጥ መልእክት ይልካል።

ጨጓራ ባዶ ሲሆን ‘ግሬሊን’ የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። መጠኑ ከምግብ በፊት ይጨምራል፣ ከተበላ በኋላ ይወርዳል። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ለሚበላ ሰው፣ ግሬሊን የለመደውን ሰዓት ጠብቆ ከፍ ይላል። ሰዓት ሲደርስ የሚርበን ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል የስብ ሕዋሳት የሚያመነጩት ‘ሌፕቲን’ ሰውነት ምን ያህል ክምችት እንዳለው ለአንጎል ይነግራል። ምግብ ጨጓራን ሲለጥጥ ‘ቫገስ’ በተባለው ነርቭ በኩል ወደ አንጎል መልእክት ይሄዳል፤ አንጀትም የራሱን የጥጋብ ሆርሞኖች ይለቃል። እነዚህ ሁሉ ተደምረው ‘በቃኝ’ የሚለውን ስሜት ለመፍጠር ደቂቃዎች ይወስዳሉ። በጣም ርቦት በጥድፊያ የሚበላ ሰው መልእክቱ ሳይደርሰው ከሚያስፈልገው በላይ ሊበላ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

መከልከል ምን ያደርጋል?

በዚህ ረገድ በብዛት የሚጠቀሰው ጥናት የተካሄደው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በአውሮፓውያኑ 1944 እና 1945፣ በአሜሪካው ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ነው። አንሴል ኪስ የተባሉ ተመራማሪ በጦርነቱ የተራቡ ሰዎችን እንዴት መልሶ ማገገም እንደሚቻል ለማወቅ 36 ጤናማ ወጣቶችን መለመሉ። ወጣቶቹ በሕሊናቸው ምክንያት ጦር መሣሪያ ለማንሣት ፈቃደኛ ያልሆኑ ነበሩ። ለ24 ሳምንታት ቀድሞ ይበሉት ከነበረው ግማሽ ያህሉ ብቻ ተሰጣቸው።

ሰውነታቸው መክሳቱ የሚጠበቅ ነበር። ያልተጠበቀው የአእምሯቸው ሁኔታ ነው። ሌላ ነገር ማሰብ ተሳናቸው፤ ስለ ምግብ ያልማሉ፣ የምግብ አሠራር ይሰበስባሉ፣ ቁጡና ብቸኛ ሆኑ። እገዳው ከተነሣ በኋላም አንዳንዶቹ እጅግ ብዙ በልተው እንኳ አልጠግብ አሉ።

ጥናቱ የሚነግረን ከባድ እገዳ ከወጣ በኋላ የሚመጣው ከልክ ያለፈ መብላት የፈቃድ ድክመት አለመሆኑን ነው። ሰውነት ራሱን ከረሃብ የሚከላከልበት መንገድ ነው። እገዳው በፈቃድ ይሁን በድህነት ወይም በሥራ ብዛት፣ ለሰውነት ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

ደቡብ አፍሪካ፦ ሁለት ተቃራኒ ችግሮች ባንድ ጣሪያ ሥር

ደቡብ አፍሪካ ይህን ጉዳይ ለመረዳት ምቹ አገር ናት። በአውሮፓውያኑ 2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት 68 በመቶ ሴቶች እና 31 በመቶ ወንዶች ከሚመከረው በላይ ክብደት ነበራቸው። በዚያው ጥናት ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 27 በመቶው በምግብ እጥረት የቀነጨሩ ነበሩ። ከልክ ያለፈ ውፍረትና የምግብ እጥረት ባንድ አገር፣ አንዳንዴም ባንድ ቤት ይኖራሉ።

የሚበላው ዓይነት ለዚህ አስተዋጽኦ አለው። በጆሃንስበርግና በሶዌቶ ጎዳናዎች ርካሽና አጥጋቢ ሆኖ የሚገኘው ምግብ ‘ኮታ’ ነው። ኮታ የዳቦ ሩብ ተቦርቡሮ ድንች ጥብስ፣ ‘ፖሎኒ’ የተባለ የተቀነባበረ ሥጋና አቻር የሚሞላበት ነው። በዘይት የተጠበሰ ሊጥ የሆነው ‘ማግዊንያ’ የብዙ ሠራተኞች ቁርስ ነው። ለስላሳ መጠጥም ከጎን አይጠፋም። መንግሥት በአውሮፓውያኑ ሚያዝያ 2018 ስኳር ባላቸው መጠጦች ላይ ልዩ ግብር የጣለው ይህን ለመግታት ነበር።

አገሪቱ የጦፈ የአመጋገብ ክርክርም አስተናግዳለች። የኬፕታውኑ የስፖርት ሳይንስ ተመራማሪ ቲም ኖክስ በአውሮፓውያኑ 2013 ከሌሎች ጋር ባሳተሙት መጽሐፍ ስኳርና እህልን አስወግዶ ስብን የሚያበዛውን ‘ባንቲንግ’ የተባለ አመጋገብ አስፋፉ። በቀጣዩ ዓመት ለአንዲት እናት በማኅበራዊ መገናኛ በሰጡት ምክር ምክንያት በአገሪቱ የጤና ባለሙያዎች ምክር ቤት ተከሰሱ፤ በ2017 ነጻ ተባሉ፤ በ2018 ይግባኙም ውድቅ ሆነ። በእነዚያ ዓመታት ዳቦና ሩዝ መብላት ለብዙ ሰው የክርክር ርዕስ ሆኖ ነበር።

የአመጋገብ መዛባት ሕመም፣ ማለትም ራስን ማስራብ ወይም ከልክ በላይ በልቶ ማስመለስ፣ ለረጅም ጊዜ የነጮች ሴቶች ችግር ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲው የአእምሮ ሐኪም ክሪስቶፈር ሳቦ እና ባልደረቦቻቸው ግን በአውሮፓውያኑ 1995 በጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን ሴቶች ላይ የታዩ ሕመሞችን በሕክምና መጽሔት አሳትመው አመለካከቱን ሞገቱ። “ይህ የእኛ ሕመም አይደለም” የሚለው አባባል በኢትዮጵያውያን ዘንድም የሚሰማ በመሆኑ ግኝቱ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ጄፔ፦ ሰዓት የሌለው ምግብ

ኢትዮጵያውያን በብዛት ወደ ደቡብ አፍሪካ መግባት የጀመሩት በአውሮፓውያኑ 1994 የአፓርታይድ ሥርዓት ካበቃ በኋላ ነው። ቀድሞ ጄፔ ይባል የነበረው ጎዳና ዛሬ በይፋ የሚጠራው በራሂማ ሙሳ ስም ነው። እርሳቸውም በ1956 ሴቶች ወደ ፕሪቶሪያ ያደረጉትን ታላቅ የተቃውሞ ሰልፍ ከመሩት አንዷ ናቸው። ነጋዴው ግን እስካሁን ጄፔ ማለቱን አልተወም።

በአካባቢው ካሉት ፎቆች አንዳንዶቹ የሐኪሞች ክሊኒክ ነበሩ። ሐኪሞቹ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሲሄዱ የምርመራ ክፍሎቹ ተሸንሽነው ልብስ፣ ጫማና ብርድ ልብስ የሚሸጥባቸው ጠባብ ሱቆች ሆኑ። በመካከላቸው በርበሬና ሽሮ የሚሸጥባቸው መደብሮች፣ በያይነቱና ጥብስ የሚቀርብባቸው ምግብ ቤቶች፣ ቡና የሚቆላባቸው ማዕዘኖች አሉ።

ስለዚህ የአገር ቤት ምግብ በቅርብ አለ። የሌለው ጊዜው ነው። ጤፍም ቢሆን በደቡብ አፍሪካ በአብዛኛው የሚዘራው ለከብትና ለፈረስ ድርቆሽ በመሆኑ፣ የለመዱትን እንጀራ በየቀኑ በለመዱት ዋጋ ማግኘት ለሁሉም አይቻልም።

ከመሀል ከተማ ወጥተው በየሰፈሩ ‘ስፓዛ’ የሚባለውን አነስተኛ ሱቅ የሚያንቀሳቅሱት፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከሃዲያና ከከምባታ አካባቢ የሄዱ ወጣቶች፣ ኑሯቸው ከዚህም የጠበበ ነው። በርካቶች የሚያድሩት እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆመው እስከ ምሽት ይሸጣሉ፤ ዝርፊያን ይፈራሉ፤ የሚበሉትም ብዙ ጊዜ ከመደርደሪያው የወረደውን ዳቦ፣ የታሸገ ዓሣና ለስላሳ መጠጥ ነው።

የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባላል። “ሲርብህ ብላ፣ ስትጠግብ አቁም” የሚለው ምክር በሰዓቱ መብላት ለሚችል ሰው ቀላል ነው። ቀጣዩ ምግብ መቼ እንደሚገኝ ለማያውቅ ሰው ግን ባገኘ ጊዜ አብዝቶ መብላት ሞኝነት አይደለም፤ ሰውነቱ ካሳለፈው የተማረው ጥበብ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ላለ ሰው የመጀመሪያው እርምጃ ረሃቡን ማድመጥ ሳይሆን ረሃቡ የሚያምነው ሰዓት መፍጠር ነው። በአመጋገብ መዛባት ሕክምና በስፋት የሚሠራበት አንድ የንግግር ሕክምናም መጀመሪያ ላይ የሚያተኩረው በዚሁ፣ ማለትም ምግብን በተወሰነ ሰዓት መብላትን በማስለመድ ላይ ነው። ምግብ በሰዓቱ እንደሚመጣ ያረጋገጠ ሰውነት ቀስ በቀስ ጥጋቡን መናገር ይጀምራል።

ረሃብ፣ አምሮት እና የሆድ መባስ

የዚህ አካሄድ መምህራን ሰዎች የአካልን ረሃብ ከሌላ ፍላጎት እንዲለዩ ለማስተማር ብዙ ይደክማሉ። የአማርኛ ተናጋሪ ግን ግማሹን መንገድ በቋንቋው ተጉዟል።

ረሃብ ሌላ ነው፣ አምሮት ሌላ ነው። ረሃብ ቀስ እያለ ይመጣል፤ ሆድ ይሞረምራል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ያገኙትን ቢበሉ ይታገሣል። አምሮት ግን አንድ የተለየ ነገር ይፈልጋል። የአገር ቤት ቆሎ ወይም የእናት ወጥ ያማረው ሰው ሌላ ምግብ ጠግቦ ሊሆን ይችላል። አምሮት ነውር አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚረካው የተመኙትን ነገር በልክና በእርጋታ ሲበሉት እንጂ በምትኩ ሌላ ሦስት ነገር ሲበሉ አይደለም።

ሦስተኛው የሆድ መባስ ነው። በአማርኛ ያዘነ ሰው ‘ሆድ ባሰው’ ይባላል፤ የራራ ‘ሆዱ ባባ’፤ ምስጢር የያዘ ‘ሆድ ይፍጀው’ ይላል። ሆድ የምግብ ማደሪያ ብቻ ሳይሆን የስሜት ማደሪያም ነው። ከቤተሰቡ ርቆ ብቻውን የሚኖር፣ በየወሩ ገንዘብ የሚጠበቅበት፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ጉዳይ የሚያስጨንቀው ሰው ማታ ማታ ሳይርበው ቢበላ ምክንያቱ እዚያ ሊሆን ይችላል። ምግብ ለጊዜው ያስታግሣል፤ ብቸኝነቱን ግን አይፈታውም። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ለአገር ቤት መደወል፣ ከጓደኛ ጋር መቀመጥ ወይም መተኛት መሆኑን መለየት ትልቅ እርምጃ ነው።

ጉርሻ፣ ‘በሞቴ’ እና ‘ወፈርክ’

በኢትዮጵያውያን ቤት ‘በቃኝ’ የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ከቁም ነገር አይቆጠርም። እንግዳ ‘ጠገብኩ’ ሲል ‘በሞቴ’ ይባላል፤ ጉርሻ ይከተላል። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ጉርሻ ያፋቅራል የሚለው አባባልም ለእምቢታ ቦታ አይተውም። የምግብ እጥረትን በሚያውቅ ማኅበረሰብ ውስጥ ማብላት ፍቅር ነው፤ ይህንንም ማቃለል አይገባም።

ሆኖም ማክበርና ማስገደድ ይለያያሉ። አስተናጋጅ አንድ ጊዜ ጋብዞ እንግዳው ‘እግዜር ይስጥልኝ፣ በቅቶኛል’ ሲል ቃሉን ቢቀበል ፍቅሩ አይጎድልም። በተለይ ሕፃናት ጠግበው ሳለ ‘ጨርስ’ ሲባሉ፣ ከሆዳቸው ይልቅ ሳህናቸውን ማመን ይማራሉ። ወላጅ የሚቀርበውን ምግብና ሰዓቱን ይወስን፤ ምን ያህል እንደሚበላ ልጁ ይወስን የሚለው የብዙ የሕፃናት ሥነ ምግብ ባለሙያዎች ምክር ነው።

ገበታችን በራሱ ለማድመጥ የሚረዱ ልማዶች አሉት። አብሮ መቀመጥ፣ በእጅ መብላት፣ መጨዋወት፣ ከምግብ በኋላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ ቡና መጠጣት ጥድፊያን ይቀንሳሉ። ቆሞ በስልክ እያወሩ ከሚበላ ኮታ ይልቅ ይህ ገበታ ጥጋብን ለመስማት ይመቻል።

ሌላው ጉዳይ ስለ ሰውነት የሚሰነዘር አስተያየት ነው። ‘ምነው ከሳህ?’ ወይም ‘ወፈርሽ፣ ተመችቶሻል’ ማለት በእኛ ዘንድ ሰላምታ ነው። ኤችአይቪ ብዙ ሕይወት በቀጠፈባት ደቡብ አፍሪካም ክሳት ከሕመም ጋር ተያይዞ ይታይ ስለነበር፣ ሞላ ያለ ሰውነት የጤና ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። በማኅበራዊ መገናኛ የሚታየው ምስል ግን ቀጭንነትን ያወድሳል። በሁለቱ መካከል የምታድግ ልጃገረድ ሁለት የሚጋጩ መልእክቶችን ትሰማለች። ለእርሷ ‘እንዴት ነሽ?’ ብሎ ስለ ሰውነቷ አለማንሣት ይበጃታል።

ጾምስ?

ሰውነትን አድምጦ መመገብ ከጾም ጋር ይጋጫል ወይ? የሚለው ጥያቄ ለኢትዮጵያውያን ተገቢ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት 180 ያህል ቀናት ከእንስሳት ተዋጽኦ ይጾማል፤ ለካህናትና ለመነኮሳት ቁጥሩ እስከ 250 ይደርሳል። ሙስሊሙም ረመዳንን ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ይጾማል።

ጾም ዓላማው ሰውነትን መለወጥ ሳይሆን አምልኮ ነው፤ በዚህም ከክብደት መቀነሻ ዕቅድ ይለያል። በጾም ወቅትም በተፈቀደው ሰዓትና ምግብ ውስጥ ረሃብንና ጥጋብን ማድመጥ ይቻላል። ጾም ሲፈታ በአንድ ጊዜ በቅባትና በሥጋ አለመጀመርም የቆየ ጥበብ ነው፤ በፋሲካ ሌሊት ከዶሮ ወጥ በፊት ተልባ የሚጠጡት አባቶችና እናቶች ይህን ያውቁታል።

ጥንቃቄ የሚሻው ጾም መሸሸጊያ ሲሆን ነው። አንድ ሰው የሚጾመው ለመክሳት ከሆነ፣ ጾሙ ከተፈታም በኋላ መብላት ካስፈራው፣ ወይም በድብቅ አብዝቶ በልቶ የሚያስመልስ ከሆነ ጉዳዩ የሃይማኖት ብቻ አይደለም። ሁለቱም እምነቶች ለታመመና ለነፍሰ ጡር ሴት ርኅራኄ አላቸው። የስኳር ሕመምተኛ፣ በተለይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው፣ ከመጾሙ በፊት ከሐኪሙ እንዲሁም ከንስሐ አባቱ ወይም ከሃይማኖት መምህሩ ጋር መነጋገር አለበት።

ማስረጃው ምን ይላል? ገደቡስ?

በዚህ መንገድ የሚመገቡ ሰዎች ከአመጋገብ መዛባት የራቁ፣ በሰውነታቸው የማያፍሩና የተሻለ የአእምሮ ሰላም ያላቸው መሆናቸውን በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል። በአሜሪካ ሚኒሶታ ወደ 1 ሺህ 500 የሚጠጉ ወጣቶችን ለ8 ዓመታት የተከታተለና በአውሮፓውያኑ 2020 የወጣ ጥናት፣ ሰውነታቸውን አድምጠው የሚመገቡት በኋላ ላይ የድባቴ ምልክትና ከልክ በላይ የመብላት ችግር ያነሰባቸው መሆኑን አግኝቷል።

ገደቦችም አሉ። አብዛኞቹ ጥናቶች የተሠሩት በምዕራባውያን፣ በተለይም በሴቶች ላይ ነው። ብዙዎቹ ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸውን እንጂ አንዱ የሌላው መንሥኤ መሆኑን አያረጋግጡም። በክብደት ላይ ያለው ውጤት አነስተኛ ነው።

ከዚህም ሌላ የረሃብና የጥጋብ ምልክት የማይታመንበት ጊዜ አለ። አንዳንድ መድኃኒቶች የምግብ ፍላጎትን ይጨምራሉ ወይም ያጠፋሉ። በአኖሬክሲያ የተጠቃ ሰው ረሃቡን ላይሰማው ስለሚችል “ሲርብህ ብላ” የሚለው ምክር ለእርሱ አደገኛ ነው። ዓይነት 2 የስኳር በሽታ ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰውም ሰውነቱን ማድመጡ መልካም ቢሆንም፣ የደሙን ስኳርና ግፊቱን በመለካት እንጂ በስሜት ብቻ ሊመራ አይገባም።

ከየት ይጀመራል?

ሥራ ለሚበዛበት ሰው የመጀመሪያው ነገር ሰዓት ነው። ሱቅ የሚጠብቅ ሰው ከቤቱ ቋጥሮ የሚወጣው ቀላል ነገር፣ ለምሳሌ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ ወይም ፍርፍር፣ በየሦስትና አራት ሰዓቱ ጥቂት ቢበላ የማታው ረሃብ እንደ ጎርፍ አይመጣበትም። ከጎረቤት ሱቅ ጋር ተፈራርቆ ለ15 ደቂቃ መቀመጥም ይቻላል።

ሁለተኛው ከመብላት በፊት አንድ ጥያቄ ነው፦ ረሃቤ ከ1 እስከ 10 ስንት ነው? 1 በረሃብ መንቀጥቀጥ፣ 10 በጥጋብ መታመም ቢሆን፣ 3 ወይም 4 ላይ መጀመርና 6 ወይም 7 ላይ ማቆም የሚመቻቸው ብዙዎች ናቸው። ይህ ሕግ ሳይሆን መለማመጃ ነው።

ሦስተኛው በመሀል ማረፍ ነው። ግማሹን ሲበሉ እጅዎን አሳርፈው ጥቂት ይቆዩ፤ ጣዕሙ አሁንም እንደ መጀመሪያው ጉርሻ ነው ወይ? ብለው ይጠይቁ። የተረፈው ነገ ይበላል።

አራተኛው ከወቀሳ መራቅ ነው። አንድ ምሽት አብዝቶ የበላ ሰው በማግስቱ ራሱን በረሃብ ቢቀጣ ያው አዙሪት ይቀጥላል። የሚበጀው ቁርስን በሰዓቱ መብላት ነው።

እርዳታ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ስለ ምግብና ክብደት ማሰብ አብዛኛውን ቀን ከያዘ፣ በድብቅ መብላትና ማስመለስ ካለ፣ ክብደት በፍጥነት ከቀነሰ፣ የወር አበባ ከቆመ ወይም መፍዘዝና ራስን መሳት ካጋጠመ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። በጆሃንስበርግ የሚገኘው የታራ ሆስፒታል የአመጋገብ መዛባት ሕመሞችን የሚያክም ክፍል አለው። ዋና ጽሕፈት ቤቱ በዚያው ከተማ የሆነው የደቡብ አፍሪካ የድባቴና ጭንቀት ድጋፍ ቡድንም በስልክ ምክር ይሰጣል።

የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንኛውም ሰው የጤና አገልግሎት፣ በቂ ምግብና ውሃ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ድንገተኛ ሕክምናም ማንም እንደማይከለከል ይደነግጋል። በተግባር ግን በቅርብ ዓመታት የውጭ ዜጎችን ከመንግሥት ክሊኒኮች ደጃፍ የሚመልሱ ቡድኖች ታይተዋል። ለዚህም ወደ ሐኪም ሲሄዱ አገሩን ከሚያውቅ ወዳጅ ጋር መሄድ ይረዳል።

ከምግብ ጋር ሰላም መፍጠር የግል ጥረት ብቻ አይደለም። ሰው የሚያርፍበት ሰዓት፣ የሚገዛው አቅምና አብሮት የሚበላ ሰው ያስፈልገዋል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን ማሟላት አይቻልም። አንዱን የሱቅ ባልደረባ ‘ሂድ ብላ፣ እኔ እጠብቅልሃለሁ’ ማለት ግን ዛሬ ይቻላል፤ በሚቀጥለው ግብዣ ላይም እንግዳ ‘በቃኝ’ ሲል ማመን ይቻላል።